ሦስት ጣት ቀይ

ኅዳር 9

እታለሜ፣

ደህና ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ደብዳቤ ስትከፍቺ መሃሉን ዘለሽ መጨረሻውን እንደምታዪ ስለማውቅ ነው። መጨረሻው ላይም ደህና ነኝ ብያለሁ፤ እንግዲህ መሃሉን ተረጋግተሽ አንብቢው። ከአንቺ በፊት ለሚያነበው ሰውም ሰላምታዬ ይድረሰው። የመምህር ጽሕፈት ስለሆነ ዓይኑን አያስቸግረውም።

ለጠየቅሽኝ፣ አልመቱኝም። በአንድ ክፍል አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ ግድግዳው ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ እርጥብ ነው፤ ሳል ስለማበዛ መስኮቱ ሥር ያለውን ቦታ ለቀውልኛል። በስሜ የሚጠራኝ የለም፣ «መምህር» ነው የምባለው፤ የጽዳት ተራ የማወጣውም እኔ ነኝ። የአስሜ ፓፍ ግን እያለቀ ነው።

የሆነውን ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ሰባተኛ ክፍል ገብቼ የባንዲራውን ትምህርት መጽሐፉ እንዳለው አስተማርኩ። ላይኛው ሰማያዊ ሰማያችንና ውሃችን፣ ታችኛው ነጭ ሰላማችን፣ በመሃል የምታልፈው ቀጭን ቀይ ደግሞ ለነጻነት የወደቁት ሰዎች ደም። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ያን ያህል ሰው ከሞተ ቀዩ ለምን እንዲህ ቀጠነ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፤ መጽሐፉ ላይም የለም።

ስለዚህ በቤታችን የምናውቀውን ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን ባንዲራ ከሰፉት አንዱ አባቴ ነው፤ ሰማያዊውና ነጩ ሲጋጠሙ ስፌቱ ተጨማዶ አስቸገረው፤ መሸፈኛ ጨርቅ ቢያጣ ከእህቴ ቀሚስ ጫፍ ላይ ሦስት ጣት የምትሰፋ ቀይ ጥብጣብ ፈትቶ መሃሉ ላይ አሳለፈባት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀሚስ ከዚያ በላይ ጨርቅ አይወጣውም አልኳቸው። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ደስ ያላቸው ልጆች ደግሞ ያወራሉ። በማግሥቱ መጡብኝ። ክሱ «የወደቁትን ደም የሴት ልጅ ቀሚስ አደረገው» ነው የሚለው።

መርማሪው ክፉ ሰው አይመስለኝም። «ባንዲራ አትበል፣ ሰንደቅ ዓላማ በል» አለኝ። እኔም አመል ሆኖብኝ፣ ሰንደቅ እንጨቱ ነው፣ ዓላማ ጨርቁ ነው፣ እኛ የምንነጋገረው ስለ ጨርቁ ነው አልኩት። ያን ባልል ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሁለት ነገር ፈልጊልኝ። አንደኛው የአባባ የልኬት ደብተር ነው፣ ሁለተኛው ያቺ ቀሚስ ናት። ጫፏ የተፈታ ቀሚስ ጠረጴዛቸው ላይ ካረፈች ሌላ ማስረጃ አያሻኝም። ውሸታም አለመሆኔን እህቴን ጠይቋት ብያቸዋለሁ።

ደህና ነኝ።

ጭራሽ

(ለሚያነበው ሰው፦ ፊርማዬ «የአንቺ ጭራ» ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጭራ ይለኝ ነበር፣ የእህቴን ቀሚስ ጫፍ ይዤ ስለምውል። ሌላ ምስጢር የለውም።)


ኅዳር 22

ጭራዬ፣

እውነትህን ነው፣ ከመጨረሻው ነው የጀመርኩት። መሃሉን ሳነብ ግን ቁጭ ብዬ ነበር፣ ደግሞም ጥሩ ሆነ።

ሁለት ፓፍ፣ ሦስት ካልሲና አንድ ፎጣ ልኬልሃለሁ። ፓፉን ሲጨንቅህ ብቻ ሳይሆን ጠዋት ስትነሳም ውሰደው፤ ሐኪሙ ያለህን እኔ ነኝ የማስታውሰው፣ አንተ ሁልጊዜ ለመከራከር ነው የምትሰማው።

ስለ ሥራ ለጠየቅኸኝ፣ ስፌት ቤቱ እንዳለ ነው። ለዓመት በዓሉ ስድስት መቶ ባንዲራ ታዝዟል። ሰማያዊው ጣቃ በግራ፣ ነጩ በቀኝ ተቆልሏል፤ ቀዩ ግን በአለቃችን ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ በልክ እየተቆረጠ ይሰጠናል። እኛ «ሦስት ጣት» ስንል እሷ «አምስት ሴንቲ በሉ» ትለናለች። ቁርጥራጩ ተለቅሞ በከረጢት ታስሮ ምስክር ባለበት ይቃጠላል፤ ክር ጫማዋ ላይ ተጣብቆ የወጣች ልጅ እንኳ ባለፈው ወር ቃሏን ሰጥታለች። ስለ አንተ ከሰሙ ወዲህ ምሳ ስንበላ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሆኗል። ግድ የለም፣ ክንዴን ዘርግቼ እበላለሁ።

ቀሚሷን ፈልጌ አጣኋት። ቤት ስንቀይር የጠፋች ይመስለኛል። የአባባን ደብተርም አይጥ በልቶታል።

ወንድሜ፣ አንድ ወረቀት አቅርበውልሃል ሲሉ ሰማሁ። ፈርመውና ውጣ። ወረቀት ነው፤ ስንቱን ፈርመን ረስተነዋል። ያ እርጥብ ግድግዳ ደረትህን እንዴት እንደሚያደርገው ከአንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆነህ ትንፋሽህ ሲያጥር ጀርባህን እየደገፍኩ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። እባክህ ፈርም።

እህትህ


ታኅሣሥ 7

እታለሜ፣

አባባ ደብተሩን የሚያስቀምጠው በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነበር። ቆርቆሮ የሚበላ አይጥ ካለሽ ለእኔ ላኪልኝ፣ እዚህ በሩ ብረት ነው።

እሺ፣ ቀልዱን ልተው። ፓፉ ደርሶኛል፤ አንዱን ከእኔ የባሰ ለሚታመም ሽማግሌ ሰጥቻለሁ፣ አትቆጪኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ዛሬ የሚፈታ ሰው ነው፤ በአንባቢያችን እጅ አላለፈም።

ለምን አትፈርምም ላልሽው ልመልስልሽ። ወረቀቱ ላይ ያለው «ተሳስቻለሁ» ቢሆን ያን ዕለቱን ፈርሜ እወጣ ነበር፤ መሳሳት የመምህር የዕለት ሥራው ነው። የተጻፈው ግን «የተናገርኩት ሐሰት መሆኑን አምናለሁ» ነው የሚለው። እዚያ ቃል ላይ ስደርስ እጄ አይሄድም።

ለምን እንደማይሄድ አንቺ ልታውቂ ይገባሻል። የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማ ሐኪም ቤት ናት፣ ትመጣለች ይሉኛል፤ እሷ ግን አትመጣም። ፊቷን አላስታውስም፤ ከዚያ ዘመን የማስታውሰው የቀሚስሽን ቀይ ጫፍ ነው፣ እጄ ውስጥ ሻካራ ነበር፣ በአውራ ጣቴ ስፌቱን እቆጥርበት ነበር። አንድ ቀን ልይዘው እጄን ስሰድ የለም። የት ሄደ ብዬ አለቀስኩ። አንቺ እጄን ይዘሽ አደባባይ ወሰድሽኝ፤ አዲሱ ባንዲራ በወጣበት ሳምንት ነው፤ ወደ ላይ እያሳየሽ «አባባ ለባንዲራው ወስዶት ነው፣ ያውና፣ አልጠፋም» አልሽኝ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ስንሰለፍ ሌሎቹ ልጆች ሲዘምሩ እኔ የቀሚስሽን ጫፍ ነበር የማየው። እማ ሄዳለች፣ ያ ግን አልጠፋም፤ ከየትም ሆኜ ቀና ስል አየዋለሁ። ታሪክ መምህር የሆንኩት በዚያ ነው፤ ትልቁ ነገር ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በእጁ የሠራው እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አባባንም አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ። መቀሱን አስቀመጠና መጀመሪያ አንቺን አየሽ፣ ከዚያ ራሴን ዳበሰኝ። አልካደም።

ይህን ሐሰት ነው ብዬ ከፈረምኩ አባባን ውሸታም ብዬ፣ አንቺንም ውሸታም ብዬ ነው የምወጣው። ወጥቼስ የት ነው የምገባው?

በ15 ይጠሩሻል ብለውኛል። ያየሽውን ብቻ ንገሪያቸው።

ጭራሽ


ታኅሣሥ 23

ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አዎ፣ ጠርተውኝ ነበር። ሄጄም ነበር። ያስቀመጡኝ ክፍል ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ባንዲራ በብረት መቆሚያ ቆማለች። አመል ነውና ስፌቱን ልይ ብዬ ጠጋ ብል የተሰፋ አይደለም፣ የታተመ ነው፤ ቀዩ ወደ ነጩ ፈስሷል። እሱን እያየሁ ጥቂት ጠየቁኝ፣ ጥቂት መለስኩ። ምን እንደመለስኩ አትጠይቀኝ። ስመጣ እነግርሃለሁ፣ መቼ እንደምመጣ ግን አላውቅም። ልጠይቅህ ጠዋት አውቶቡስ ይዤ እስር ቤቱ በር ድረስ ደርሼ የተመለስኩት እኔ ነኝ፣ እህትህን አይተናታል ያሉህ ሰዎች አልተሳሳቱም። ፊትህን ማየት ፈርቼ ነው።

ጤናዬን ለጠየቅኸኝ፣ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ቀይ ሲበዛበት ይጨልማል። ከጠዋት እስከ ማታ ያ ቀይ በመኪናዬ መርፌ ሥር ያልፋል። ድሮ አላየውም ነበር። አሁን እያንዳንዱን አየዋለሁ።

ጭራዬ፣ እንደ ለማኝ እለምንሃለሁ። ክረምቱ ሲገባ ያ ክፍል ምን እንደሚሆን አስበው። አባባ ሞቷል፣ አይከፋበትም። እኔም አይከፋኝም። እኔ ስለ እውነት የሚሞት ወንድም አላሳደግኩም፤ ከነውሸቱ ቤቱ የሚገባ ወንድም ነው የምፈልገው። ፈርም። ለምን እንደምልህ ልነግርህ ብችል ኖሮ ዛሬውኑ እነግርህ ነበር።

እህትህ


ጥር 6

ለእህቴ፣

መርማሪው ዛሬ አንድ ወረቀት አሳየኝ። «ስለ ቀሚስም ሆነ ስለ ቀይ ጨርቅ በቤታችን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም» ይላል። ከሥሩ ፊርማሽ አለ። የሌላ ሰው ነው ለማለት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፤ የመጨረሻዋን ፊደል እንደ ክር ቋጠሮ የሚጠቀልል አንቺ ብቻ ነሽ።

ሰምቼ አላውቅም?

ፈርታ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሥራዋን ፈርታ፣ እስሩን ፈርታ። አይፈረድብሽም። ግን እኔ እዚህ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው፤ በቤታችን የሰማሁትን አልሰማሁም ብዬ አልፈረምኩም። አብረውኝ ያሉት ሰዎች እህትህ ምን አለች ሲሉኝ ሳል ያዘኝ ብዬ ዞርኩ።

ቀን ቆርጠውልኛል። እስከ የካቲት 20 ካልፈረምኩ ፋይሉ ለፍርድ ቤት ይሄዳል። ስምንት ዓመት ነው የሚባለው። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ ስምንቱን ዓመት ሲሰማ ቀና ብሎ አላየኝም።

ከእንግዲህ ምንም አትላኪልኝ፣ አትጻፊልኝም።

መምህሩ


ጥር 24

ወንድሜ፣

አትጻፊልኝ ብለሃል፣ አልጻፍኩም። የላኩት ጃኬት ነው፤ ይህ የጃኬቱ ወረቀት ነው።

ከአባባ ካፖርት የሰፋሁት ነው፤ ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ እርጥበቱን ይከላከልልሃል። ትከሻህን ከድሮው ልክህ ሁለት ጣት ቀነስኩት፣ እንደከሳህ ስለገመትኩ። ገበሩን ከማላውቀው ሰው ቀሚስ አውጥቼ ነው፣ አበባ አበባ ነው፣ የሚስቁብህ ካሉ ይሳቁ።

ለወረቀቱ የማመካኘው የለኝም። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። የግራ እጅጌው ቅምቅማት ተበላሽቶብኛል። አባባ ቢያየው ምንም ሳይናገር ምላጩን ላዩ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። እሱ እንዴት እንደነበር ታውቃለህ።

እህትህ


(በአራት ጣት ስፋት ነጭ ጨርቅ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ)

ጭራዬ፣

ፈትተኸዋል ማለት ነው። አባባ ምላጩን ስፌት ላይ ካስቀመጠ «ፍታው» ማለቱ እንደነበር ያልረሳህ ከሆነ ይደርስሃል ብዬ ነው። ወረቀት ሲዳሰስ ድምፅ ያሰማል፣ ጨርቅ ዝም ይላል። ጨርቁ ከባንዲራው ነጭ የተረፈ ቁራጭ ነው፤ ጡት መያዣዬ ውስጥ ደብቄ ነው ያወጣሁት። ይህ ብቻውን ሦስት ዓመት እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ። አንብበህ አጥፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ከቀሚሴ ምንም አልወሰደም። ያን ታሪክ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

እማ ሐኪም ቤት አልነበረችም። ከእኛ ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ ነበረች፣ ምጥ ላይ። ያን ሳምንት አባባና ስድስት ሰፊዎች ስፌት ቤት ተዘግቶባቸው ነበር፤ አዲሱ ባንዲራ ለአዋጁ ቀን እስኪደርስ ማንም እንዳይወጣ ተብሎ። ሦስት ቀን። በሁለተኛው ቀን እማ ከነልጇ ሞተች። አንተን ጎረቤት ቤት ወስደውህ ነበር። አዋላጇ ዞር ብላ «አገጯን የማስርበት ጨርቅ ስጪኝ፣ ቶሎ በይ» አለችኝ። በሰፊ ቤት ውስጥ ጨርቅ ጠፋ፤ ሁሉም ተጠርጎ ወደ ስፌት ቤት ተወስዷል። የቀሚሴን ጫፍ ይዤ ተረተርኩት። አባባ አንዱ ክር ሲሳብ ሁሉ በሚፈታው በቅጥልጥል ስፌት ስለሰፋው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው የወጣልኝ። እማን በእሱ አሰሩልኝ።

አባባ በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ሱሪው ላይ ቀይ ክር ተጣብቆበት። ገብቶ አያት። የራሱን ስፌት አወቀው። ያን ጊዜ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት።

ከዚያ አንተ መጣህ። እጅህን ሰደድክ፣ ጫፉ የለም። የት ሄደ አልከኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ምን ልበልህ? መሬት ውስጥ ነው፣ እማ ይዛው ሄደች ልበልህ? አደባባይ ወሰድኩህ፣ ባንዲራው ላይ ቀይ አየሁ፣ ያውና አልኩህ። ማልቀስህን አቆምክ። ይኸው ነው። አንድ ልጅ ማልቀስ እንዲያቆም የተነገረ ነገር ነው፣ አንተ እየሞትክለት ያለኸው።

አባባን በጠየቅኸው ቀን መጀመሪያ እኔን ያየኝ ለዚህ ነው። ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር፣ ታውቀዋለህ፤ ያን ቀን ግን ውሸቴን አልፈታብኝም።

እውነተኛውን ማወቅ ከፈለግክ፣ ቀዩ ከቢሮ በመጣው ስዕል ላይ ከመጀመሪያው ነበር። ማን እንዳሰመረው አይታወቅም። እኔ ስፌት ቤት ከገባሁ ወዲህ እንኳ ትርጉሙ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ መጀመሪያ የሠራተኛው ትጋት ነበር፣ ቀጥሎ እሳት ሆነ፣ አሁን ደም። ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ እኛ ያንኑ ስፌት እንቀጥላለን።

ቀሚሷ አልጠፋችም። ከደብተሩ ጋር በቆርቆሮው ሳጥን ውስጥ ናት። ባመጣት ኖሮ ጫፏ የት እንዳለ ይጠይቁኝ ነበር፤ ቀሚሱን ከባንዲራው ጋር ያገናኘሁት እኔ መሆኔን እናገር ነበር። ይህን ፈራሁ። ከዚያ የበለጠ የፈራሁት ግን አንተ እንዳትሰማው ነው። በልጅነትህ ያቀፍከው ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ እሱን ከእጅህ መንጠቅ አቃተኝ። ሰምቼ አላውቅም ብዬ የፈረምኩት ከቃሌ ሁሉ እውነተኛው ነበር፤ አልሰማሁም፣ ተናገርኩት እንጂ።

እንግዲህ ፈርም። ሐሰት ነው ስትል ሐሰት አትናገርም። ማን ነገረህ ካሉህ እኔን ጥራ። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። አንተ ብቻ ከዚያ ክፍል ውጣልኝ፣ ሌላ አልፈልግም። ጨርቁ አለቀ


የካቲት 25

እታለሜ፣

ደህና ነኝ። መጨረሻውም ላይ ደህና ነኝ ይላል።

ጃኬቱ ልኬ ነው። ትከሻውን ሁለት ጣት መቀነስሽ ልክ ነበር፣ ሦስት ብትቀንሺም አይከፋም። በገበሩ ስቀዋል፤ ሽማግሌው ግን ሲበርደው ተበድሮኝ ይለብሰዋል፣ አበባውን ወደ ውጭ አድርጎ።

የግራ እጅጌው ቅምቅማት እንዳልሽውም የተበላሸ ነበር። ምላጭ ስለማይፈቀድ በጥርሴ ፈታሁት። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ያህል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ፤ አብረውኝ ያሉት ደረቱ ነው ብለው ውሃ ያመላልሱልኝ ነበር። ደረቴ አልነበረም። እማን ነበር ያስታወስኩት። አርባ ዓመት ሙሉ ሳላለቅስላት መቅረቴ ትዝ አለኝ፤ ሁልጊዜ የምይዘው ነገር ስለነበረኝ ይሆናል። ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በ19 ፈርሜአለሁ። መርማሪው እስክሪብቶውን ሲሰጠኝ ሐሳቤን የቀየርኩ እንዳይመስለው ቶሎ ፈረምኩ። እዚያ ቃል ላይ ስደርስ እጄ ሄደ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ምን ሆነህ ነው?» አለኝ፤ ደደብ ስለሆንኩ ነው አልኩት። ይህን መልስ ወዶታል።

ከፊርማው በፊት የሚሞላ ባዶ ቦታ ነበረው፦ «ይህን ሐሰት የነገረኝ ሰው ...» ይላል። አባቴ ነው አልኩ። አባቴ ቀልደኛ ሰው ነበር፣ ልጆች ማታለል ይወድ ነበር፣ እህቴ ያን ጊዜ ቤት አልነበረችም አልኩ። የት ነው ያለው ሲለኝ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው አልኩት። ጻፈው። አራት ወር ሙሉ አባባን ውሸታም አልልም ብዬ ታስሬ በመጨረሻ በራሴ እጅ ውሸታም ብዬ አስጻፍኩት። ይቅር ይለኛል ብዬ ነው። እሱም ቢሆን ስፌት ሲበላሽ የሚፈታውንና የሚተወውን ለይቶ ያውቅ ነበር። ሻንጣ ያዘጋጀ ሰው ካለ ልብሱን ወደ ቦታው ይመልስ።

መጋቢት 3 ትወጣለህ ብለውኛል። ማስተማር ግን አበቃ፤ እሱን ራሱን ከቅጣቱ ውስጥ ቆጥረውታል። ሌላም አንድ ነገር ነበረው፤ ትናንት ትምህርት ቤት ወስደውኝ በተማሪዎቹ ፊት ባንዲራውን እንድሰቅልና ትርጉሙን አስተካክዬ እንድናገር አደረጉኝ። ሰቀልኩ። ልጆቹ ፊታቸውን ወደ መሬት አድርገው ቆመዋል። ሰማያዊውንም ነጩንም መጽሐፉ እንዳለው ተናገርኩ። ቀዩ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁትና «ቀዩ የሞቱብን ናቸው» አልኩ። አንድ ቃል እንኳ አልዋሸሁም። ከጎኔ የቆመው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ያቺ ጥያቄ የጠየቀችኝ ልጅ ፊት ረድፍ ላይ ነበረች። ጥያቄ ያለው ካለ ብዬ ጠየቅኩ። እጆቿን ከሹራቧ ኪስ ውስጥ አላወጣችም። አየችኝና ዓይኗን ሰበረች። ይህ ነው ከሁሉ የጎዳኝ፤ ከእስሩም ከሥራውም። ለምን እንዲህ ቀጠነ ብላ ደግማ ብትጠይቀኝ መልሱን አሁን አውቀው ነበር፤ ለአንድ ሟች ሦስት ጣት ይበቃዋል።

እጅጌውን መልሼ ሰፍቼዋለሁ። መርፌ ሽማግሌው ከኮሌታው ውስጥ አወጣልኝ። ክር ስላልነበረን ከአንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ እየመዘዝኩ ነው የሰፋሁት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ቁራጩም አለቀ፣ ምንም አልተረፈም። ቋጠሮው ከውጭ ይታያል። ስታዪው ምላጭ እንዳታስቀምጪበት።

ስመጣ ያቺን ቀሚስ አሳዪኝ። ጠፍታለች ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ ቢሆንም ፈልጊልኝ። የምይዘው ጫፍ እንደሌላት አውቃለሁ።

ደህና ነኝ።

ጭራሽ